ነባር የሰላጣ ዝርያዎችን በጓሮ ማልማት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ጓሮ ካላቸው፣ ወይም በረንዳ ላይ ባልዲ ደርድረው ከሚተክሉ ሰዎች በብዛት የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋማ ከተሞች የተጻፉ ናቸው። ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ጥያቄ ተካቷል። ከሁሉም በላይ የተብራራው ዘር ስለ ማስቀረት ያለው ክፍል ነው። ሆን ተብሎ ነው። ነባር ዝርያ ተክሎ ዘሩን አለማስቀረት ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ ነው።

ነባር ዝርያ የሚባለው የትኛው ነው?

ዘሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተሰበሰበ የመጣና ሲዘራ እናቱን መስሎ የሚወጣ ዝርያ ነው። ስለ ዕድሜው ሰዎች አይስማሙም። አንዳንዶች 50 ዓመት ይበቃዋል ይላሉ። ሌሎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ካልሆነ አይቆጥሩትም። ለጓሮ ሰው ዋናው ነገር ዕድሜው አይደለም። ዘሩን በገዛ እጁ ማስቀረት መቻሉ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአበሻ ጎመን በየጓሮው የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። እናቶቻችን ጥሩ የያዘውን ጎመን ሳይቀነጥሱ ይተዉታል። ያብባል፣ ያፈራል፣ ዘሩ ተሰብስቦ ለከርሞ ይቀመጣል፤ ለጎረቤትም ይታደላል። ሰላጣ ግን አገር በቀል አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ ይለማ እንደነበር የቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጾች ያሳያሉ። ዛሬ ነባር የምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ባለፉት 300 ዓመታት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ተመርጠው የቆዩ ናቸው።

ከሱቅ ከምገዛው ተራ ዘር በምን ይሻላል?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። ብዙ ሰው በሱቅ ያለው የሰላጣ ዘር ሁሉ ድቅል፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተዳቀለና ዘሩ ቢቀር እናቱን የማይመስል፣ ይመስለዋል። አይደለም። የሰላጣ አበባ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ድቅል ዘር በብዛት ማምረት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹም ዝርያዎች አብዛኞቹ ዘር ቢቀርላቸው እናታቸውን መስለው ይወጣሉ።

ልዩነቱ የተመረጡበት ዓላማ ላይ ነው። ለትልልቅ እርሻ የሚወጣ ዝርያ በአንድ ቀን አብሮ እንዲደርስ፣ በመኪና ተጭኖ ሳይጎዳ እንዲጓዝ፣ መደርደሪያ ላይ እንዲቆይ ተብሎ የተመረጠ ነው። የቤት ሰው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ዛሬ ለምሳ አራት ቅጠል፣ ነገ ለራት አምስት ቅጠል። ቅጠሉ ለስላሳ ቢሆን የሚጎዳ የለም፤ ከመደቡ እስከ ወጥ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው። ነባሮቹ የተመረጡት እንዲህ ባለ ጓሮ ውስጥ ነው። ጣዕማቸውና መልካቸው የተለያየ የሆነውም ለዚህ ነው።

ድክመትም አላቸው። አዳዲሶቹ ዝርያዎች ሻጋታን እንዲቋቋሙ ታስበው ተሻሽለዋል። ነባሮቹ ብዙዎቹ ያ መከላከያ የላቸውም። በክረምት ይህን ታዩታላችሁ።

በየትኛው ዝርያ ልጀምር?

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ብላክ ሲድድ ሲምፕሰን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ የአሜሪካ ዝርያ ነው። ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ የተጨማደደ ቅጠል አለው። አይጠቀለልም፤ ቅጠል ቅጠሉን እየለቀማችሁ ትበላላችሁ። በ45 ቀን ገደማ ይደርሳል። ስህተትም ይችላል፤ ውሃ አንድ ቀን ቢረሳ፣ አፈሩ ትንሽ ቢከፋ አያኮርፍም።

ረዘም ያለና ጥርስ ላይ ቅርጭጭ የሚል ሰላጣ የምትወዱ ፓሪስ አይላንድ ኮስን ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ስለሆነ ከነባሮቹ መካከል በዕድሜ ትንሹ ነው። ስሙን ያገኘው ደቡብ ካሮላይና አጠገብ ካለች ደሴት ነው። ከ60 እስከ 70 ቀን ይፈልጋል። መልክ ለሚያስደስተው ፎረለንሽሉስ አለ። የኦስትሪያ ዝርያ ነው። አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አለበት። ሳህን ላይ ሲቀርብ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። የፈረንሳዩ ሜርቬይ ደ ካትር ሴዞን ደግሞ ቀላ ብሎ ልብ የሚይዝ፣ ቅቤ የመሰለ ለስላሳ ቅጠል ያለው ነው። ኦክ ሊፍ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ሙቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ይታገሣል።

አንዳንዶቹ ከነታሪካቸው ይመጣሉ። ስፔክልድ የሚባለውን ሜኖናይት የተባሉ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1799 ከፔንሲልቬኒያ ወደ ካናዳ ኦንታሪዮ ሲሰደዱ በሠረገላ ይዘውት ሄደዋል። ግራንድፓ አድማየርስ የተባለው ስሙን ያገኘው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከዘመተው ጆርጅ አድማየር ነው። የልጅ ልጁ ዘሩን እ.ኤ.አ. በ1977 ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ ለተባለው ድርጅት ሰጠች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ፣ መቀመጫው አዮዋ ግዛት የሆነ የዘር ጠባቂዎች ማኅበር ነው። አንድ ቤተሰብ ባያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ያ ዝርያ አይኖርም ነበር።

እንደ አይስበርግ በጠባቡ የሚጠቀለሉትን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም። ከ70 ቀን በላይ ይፈልጋሉ፤ ለሙቀትም ለውሃ እጥረትም ይከፋቸዋል።

ዘሩን ከየት አገኛለሁ? ዘመድ ከውጭ ቢያመጣልኝስ?

የዘርና የግብርና ግብዓት መደብሮች ውስጥ ፓሪስ አይላንድ ኮስና እንደ አይስበርግ የሚጠቀለለው ግሬት ሌክስ ብዙ ጊዜ አይጠፉም። ስትገዙ ስሙን ብቻ ሳይሆን የታሸገበትን ዓመትም ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ያረፈበት መደርደሪያ ላይ የከረመ የሰላጣ ዘር ርካሽ ቢሆንም አይጠቅምም።

ከውጭ ለማስመጣት ግን ሕግ አለ። ዘር ድንበር ሲሻገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሻንጣ ውስጥ ሸሽጎ ማምጣት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የሰላጣ ሞዛይክ ቫይረስ ግን በዘር ውስጥ ተደብቆ የሚጓዝ በሽታ ነው። አንድ ፖስታ ዘር የአካባቢውን ሰላጣ ሁሉ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ከታወቀ ሻጭ፣ ከነወረቀቱ ይምጣ። ካልተቻለ እዚሁ ከሚገኘው ጀምሩ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከመረጣችሁት በኋላ ለጓሯችሁ የሚስማማ ዘር ይኖራችኋል።

መቼ ልዝራ?

ሰላጣ የሚመቸው ቀን ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ መዝራት ይቻላል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ አገር ሰው ሰላጣ የሚያገኘው በዓመት ሁለት አጭር ወቅት ብቻ ነው።

ሆኖም ወቅቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ ሻጋታ የለም። ውሃ ማጠጣት ግን የእናንተ ሥራ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች በዚህ ጊዜ ውርጭ ይወርዳል። ጠንከር ያለ ሰላጣ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ችግኝን ግን ማታ ማታ በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኑት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ስለሚበረታ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። በክረምት መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ችግኙን አራርቁ።

ቆላ ላይ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ተጠቀሙ። በሌላው ወቅት ሰላጣው ቅጠል ሳያበዛ ወደ አበባ ይሮጣል።

ለዓቢይ ጾም ማድረስ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስቡ። ጾሙ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይገባል። ቅጠል ቅጠሉ የሚለቀመውን ዓይነት ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብትዘሩ 55ቱን ቀን ሙሉ ከበያይነቱ ጎን ሰላጣ አይጠፋም። ሁሉንም ባንድ ቀን መዝራት ግን ባንድ ሳምንት መጥገብ፣ ከዚያ ባዶ መደብ ማየት ነው።

ጓሮ የለኝም። በባልዲ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል። የሰላጣ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አፈር ይበቃዋል። ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን፣ አሮጌ ሳፋ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሁሉ ያገለግላል። ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው። የኬሚካል ወይም የቀለም ዕቃ የነበረውን ግን ተዉት። በረንዳው በቀን በድምሩ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ ጥሩ ነው። ባልዲ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ በየቀኑ እየነካችሁ እዩት።

አፈሩን እንዴት ላዘጋጅ?

ለስላሳ፣ ውሃ የሚያሳልፍ፣ በብስባሽ የዳበረ አፈር ይፈልጋል። ጥቁር አፈር ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ውሃ እንደሚያቁር ታውቃላችሁ። መደቡን 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሥሩን። ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። ሰላጣ የሚወደው ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ያለውን ነው። ብስባሽ በየዓመቱ መጨመር ሁለቱንም ዓይነት አፈር ያሻሽላል። በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በቂ ጅምር ነው።

ፍግ ካላችሁ በደንብ የበሰበሰ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሰላጣ ላይ አይሄድም። ቅጠሉ መሬት ነክቶ የሚያድግ፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ነው። ትኩስ ፍግ የተጨመረበት መደብ ላይ ቢያንስ 120 ቀን ሳያልፍ የሚበላ ሰላጣ እንዳይለቀም ይመከራል። ዩሪያም አታብዙ። ቅጠሉ ለጊዜው ይንዠረገጋል፤ ግን ውሃ ውሃ ይላል፣ ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይም ይወደዋል።

ዘርቼ አልበቀለም። ምን ሆኖ ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተቀብሯል፣ ወይ ሞቆታል።

የብዙ ሰላጣ ዝርያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ይህን በሚመለከት ሰላጣ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ግራንድ ራፒድስ የተባለ ነባር የሰላጣ ዘር ላይ ሙከራ አደረጉ። ቀይ ብርሃን ሲበራለት ይበቅላል። ከቀይ ያለፈውና ለዓይን እምብዛም የማይታየው ብርሃን ሲበራለት ይከለከላል። ሁለቱን ቢያፈራርቁበት ዘሩ የሚታዘዘው የመጨረሻውን ነው። ተክሎች ብርሃንን የሚለዩበት ፋይቶክሮም የተባለው ንጥረ ነገር የተገኘው ከዚህ ተነስቶ ነው። ለጓሮ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዘሩን አትቅበሩት። መደቡን አርጥቡ፣ ዘሩን በትኑ፣ በእጅ ጫን ጫን አድርጉት፣ ከላይ በጣም ስስ ብስባሽ ንፉበት። ከግማሽ ሴንቲሜትር አይበልጥ።

ሙቀቱ ሌላው ነው። አፈሩ ከ27 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ብዙ ዘር ይተኛል። አልሞተም፤ ይጠብቃል። መፍትሔው ማምሻ ላይ መዝራት፣ እስኪበቅል ድረስ ጥላ ማድረግ ነው። ወይም ዘሩን እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና ከዚያ ዝሩት። በጥሩ አየር ከአራት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ብቅ ይላል።

አንዳንዴም ዘሩን ጉንዳን ወስዶት ይሆናል። ይህን ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ በዕቃ ውስጥ ዘርታችሁ ችግኝ አድርጉትና አራት ቅጠል ሲይዝ ወደ መደብ አዙሩት።

ምን ያህል ላራርቀው? ውሃስ?

ቅጠል ቅጠሉ ለሚለቀመው 20 ሴንቲሜትር፣ ለሚጠቀለለውና ለረጅሙ 30 ሴንቲሜትር። ችግኝ ነቅሎ ማሳሳት ያሳዝናል፤ ብዙ ሰው ችግኝ መንቀል አይወድም። ግን የታጨቀ ሰላጣ ቀጥኖ ይቀራል፣ በሽታም ይይዘዋል። የነቀላችሁትን ብሉት፤ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ውሃ ጠዋት፣ ከሥሩ ይጠጣ። ጥቂት በጥቂት ግን ሳይቋረጥ። ሦስት ቀን ማስጠማት ከዚያ ማጥለቅለቅ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል፤ ካልሲየም ወደ አዲሶቹ ቅጠሎች በእኩል ስለማይደርስ ነው። በበጋ መደቡን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ።

ሰላጣዬ ለምን መረረ?

ወደ አበባ እየሄደ ስለሆነ ነው። መሐሉ ወደ ላይ ሲመዘዝ ታያላችሁ። ቅጠሉን ስትቆርጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ይበዛል፤ መራራው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሙቀት፣ ጥማትና ረጅም ቀን ያፋጥኑታል። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ስለማይርቅ ዋናው ምክንያት ሙቀትና ጥማት ነው።

የመረረውን ሰላጣ ለመመለስ የሚደረግ ነገር የለም። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት ጠዋት ልቀሙ፣ የውጭ ቅጠሎቹን አስቀድማችሁ ውሰዱ፣ መሐሉን ተዉት። እንዲህ ከተያዘ አንድ ተክል ለሳምንታት ይሰጣል።

ተባይ አስቸገረኝ

በክረምት ቀንድ አውጣ ቀዳሚው ነው። ማታ በባትሪ ወጥቶ በእጅ መልቀም ከሁሉ መድኃኒት ይሻላል። አመድ መነስነስ ይረዳል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያበቃል። ብዙ አመድ ደግሞ አፈሩን ያበላሻል። በበጋ ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል። ብዙ ካልሆነ በውሃ ግፊት አጥቡት። ችግኝ በአንድ ሌሊት ከመሬት ተቆርጦ ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው፤ አጠገቡ ያለውን አፈር ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ዶሮ ካላችሁ አጥር የግድ ነው።

ከላይ ቢጫ፣ ከሥር ነጭ ሻጋታ የሚታይበት ቅጠል በዝናብ ወቅት የሚመጣ በሽታ ነው። የታመመውን ነቅላችሁ አውጡ፣ የቀረውን አራርቁ። ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ ፀረ ተባይ ባትረጩ ደስ ይለኛል። የቤት ሰላጣ ትልቁ ጥቅም ምን እንደነካው ማወቃችሁ ነው።

ጥሬውን መብላት ያስፈራኛል። የራሴ ቢሆንም ልጠብ?

አዎ፣ ይታጠብ። ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ በተበከለ ውሃና ቅጠል ይተላለፋሉ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይታችሁ ንጹሕ በሆነ ወራጅ ውሃ እጠቡ። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይጨምራሉ እንጂ ጀርሙን ሁሉ አይገድሉም። የቧንቧ ውሃችሁን ካላመናችሁት በታከመ ወይም በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አጠናቁ።

ማጠብ የማያወጣው ነገርም አለ። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እነዚህን ወደ ውስጡ ይስባል። ስለዚህ የምታጠጡትን ውሃ ምንጭ እወቁ። የወንዝ ዳር አፈር አምጥታችሁም መደብ አትሙሉ።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። ምክሩ ይለወጣል?

የመዝሪያ ጊዜው ይለወጣል። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል፣ ከዚያ ደግሞ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ዝሩ። በመሐል ያለው በጋ ይሞቃል፣ ቀኑም ይረዝማል። የአሜሪካ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን እዚያው ቨርጂኒያ ሞንቲቸሎ በተባለ ርስቱ ውስጥ ቴኒስ ቦል የተባለውን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ሰላጣ ያበቅል ነበር። ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 1 በየሰኞው ጥቂት ዘር እንዲዘራ ይመክርም ነበር። በስቶክሆልምና በሚኒሶታ ያላችሁ የበጋው ቀን በጣም ስለሚረዝም አገዳ ለማውጣት የማይቸኩሉትን ምረጡ። በእስራኤል ከኦክቶበር እስከ ማርች ምቹ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ተደርጎለት ይሆናል።

ዘሩን እንዴት ላስቀር?

ምርጫው ከሁሉ ይቀድማል። አስቀድሞ ያበበውን ተክል ለዘር አታስቀሩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያበበው ስለማይበላ «ለዘር ይሁን» ይባላል። እንዲህ ሲደረግ በየዓመቱ ለማበብ የሚቸኩል ሰላጣ እየመረጣችሁ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅጠል ሳትበሉ የሚያብብ ዘር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ተቃራኒውን አድርጉ። ከመደቡ ውስጥ ዘግይቶ የሚያብበውን፣ ጤነኛውን፣ ጣፋጩን ምረጡ። ክር እሰሩበት፤ ቤተሰቡም እንዳይቆርጠው ይነገር። ቢያንስ አምስት ስድስት ተክል ብትተዉ ይመረጣል።

ቅጠሉ የተዥጎረጎረ፣ የተጨማተረና የቀጨጨ ተክል ካለ ዘሩን አትውሰዱ። ቀደም ብለን ያነሳነው ሞዛይክ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ነቅላችሁ ከጓሮ አውጡት።

ወቅቱንም አስሉ። ከመዝራት እስከ ዘር ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ዘሩ የሚደርሰው ዝናብ ላይ ከሆነ ሻጋታ ያጠፋዋል። ስለዚህ ለዘር የምታስቡትን መስከረም ላይ ዝሩ፤ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ይደርስላችኋል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ተክሉን በላስቲክ ጥላ ጋርዱት።

አገዳው እስከ አንድ ሜትር ከዚያም በላይ ይረዝማል። እንጨት ደግፉለት። ትንንሽ ቢጫ አበባዎች ያወጣል። እያንዳንዱ አበባ የሚከፈተው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ከዚያ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነጭ ጥጥ መሳይ ፀጉር ብቅ ይላል፤ ዘሩ ደርሷል ማለት ነው። ሰላጣ የኑግና የሱፍ ዘመድ ነው፤ ግን እንደነሱ ባንድ ጊዜ አይደርስም። የላይኛው ሲደርስ የታችኛው ገና ያብባል። ነፋስ ሳይወስደው በየሁለት ሦስት ቀኑ ወጣ ብላችሁ የወረቀት ከረጢት ከሥሩ ይዛችሁ አራግፉት። ወይም ግማሹ ነጭ ሲሆን አገዳውን ቆርጣችሁ ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት።

ሲደርቅ በእጅ አሹት፣ በወንፊት ንፉት፣ ሰፌድ ላይ ቀስ ብላችሁ አበጥሩት። ትንፋሽ ይበቃል፤ ዘሩ በጣም ቀላል ስለሆነ ጠንካራ ነፋስ ሁሉንም ይወስደዋል። አንድ ግራም ውስጥ ከ800 እስከ 1,000 ዘር አለ። አንድ ጤነኛ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ለራሳችሁ ጓሮ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል።

ሁለት ዓይነት ሰላጣ ጎን ለጎን ብተክል ይዳቀላሉ?

አልፎ አልፎ። አበባው ከመከፈቱ ጋር ራሱን ስለሚያዳቅል ንብ የምታበላሸው ጥቂት ነው። በሁለት ዝርያዎች መካከል ከ3 እስከ 6 ሜትር ርቀት ለቤት ሰው በቂ ነው። ጓሯችሁ ጠባብ ከሆነ በየዓመቱ አንዱን ብቻ ለዘር ተዉት፤ ሌላውን ሳያብብ ብሉት። የዱር ሰላጣ ዘመዶች በአጥር ሥር ካሉ ግን ሳያብቡ ንቀሏቸው። ከአንደኛው ጋር ሰላጣችን በቀላሉ ይዳቀላል፤ ልጆቹም እሾሃማና መራራ ይሆናሉ።

ዘሩ ስንት ዓመት ይቆያል? እንዴት ላስቀምጠው?

በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከ3 እስከ 5 ዓመት። ጠላቶቹ እርጥበትና ሙቀት ናቸው፤ ስለዚህ ከምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያ አይሆንም። በደንብ ከደረቀ በኋላ ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታውን ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ አድርጉት። ፍሪጅ ካላችሁ እዚያ ይቀመጥ። ስታወጡት ብልቃጡ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳትከፍቱ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ከመዝራታችሁ በፊት ፈትኑት። አሥር ዘር እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጉና ሳምንት ጠብቁ። ስምንት ከበቀለ ጎበዝ ነው። አራት ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፤ በዚያው ዓመትም አዲስ ዘር አስቀሩ።

ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ስትሰጡ ፖስታው ላይ የዝርያውን ስም፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት፣ ያደገበትን ሰፈር ጻፉ። ዘግይቶ ካበበው የተወሰደ ከሆነ ያንንም ጨምሩ። ስሙን ካላወቃችሁ አትፍጠሩለት፤ «አረንጓዴ፣ ቅጠሉ የተጨማደደ፣ ከእገሌ ሰፈር» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው የበለጠ ይጠቅመዋል።